ላይ ነው ታች? ከአጎቴ ጋር በክላማዝ ወንዝ

አጎቴ ኦክላንድ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ከመኪናዬ ጂፒኤስ ጋር ተጣሉ። ሴትዮዋ «ወደ ምዕራብ ይሂዱ» ትላለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ይቆጣሉ። «ምዕራብ የቱ ነው? ፀሐዩ በደመና ተሸፍኖ ምዕራብ ይባላል? ወደ ላይ ነው ወደ ታች፣ እሱን ትንገረን!»

የእኔ እንጀራ ሹፍርና ነው። ሰው በስልክ ይጠራኛል፣ ሴትዮዋ ትመራኛለች፣ እኔ እነዳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ ያለ እሷ ከቤቴ ኤርፖርት መድረሴን እጠራጠራለሁ። አጎቴ ደግሞ የላይ ጋይንት ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ። ለእሳቸው ዓለም ማለት ላይ፣ ታች፣ ማዶና ወዲህ ነው።

አንድ ቀን ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጫንኳት ተማሪ ይህን ስነግራት ሳቀች። የቋንቋ ጥናት ተማሪ ናት። በካሊፎርኒያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በክላማዝ ወንዝ ዳር፣ ዩሮክ የሚባል ሕዝብ አለ፣ በጥንት ቋንቋቸው ሰሜን ደቡብ ብሎ ነገር የለም፣ አቅጣጫ የሚነገረው በወንዝ ነው አለችኝ። ማታ ለአጎቴ አወራኋቸው። የሚደነቁ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ምኑ ይገርማል?» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «ሩቅ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እንዲህ ሆኖ ነው በ2024 ነሐሴ ላይ የሄድነው። ከዚህ በታች ቀኑን በእኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13፦ ከኦክላንድ ወደ አርካታ

የወጣነው በቡሄ ዕለት ነው። የደብረ ታቦር አካባቢ ሰው በቡሄ ቀን መንገድ አይወጣም ብለው አጎቴ ሲያጉረመርሙ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሆቴሉን ከፍዬዋለሁ፤ ያውም ገንዘብ የማይመልሰውን ዓይነት። ባለቤቴ ሙልሙል ጋግራ በፌስታል ሰጠችን። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ሻይም ጨመረችበት። ፍልሰታ ስለሆነ አጎቴ መንገድ ላይ ይራባሉ ብላ ነው።

አርካታ ከኦክላንድ ወደ 280 ማይል ነው። መንገድ 101 መጀመሪያ የወይን እርሻ ነው፣ ቀጥሎ ደረቅ ኮረብታ፣ ከዚያ ጫካ። ቤንዚኑ እየራቅን ስንሄድ እየጨመረ መጣ። ኦክላንድ ጋሎኑን በ4 ዶላር ከ70 ሳንቲም ቀድቼ፣ ከሰዓት በኋላ ከ5 ዶላር ከ50 አለፈ። «ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ይወደዳል» ስላቸው አጎቴ መስኮቱን አዩ። «የቱ ላይ? መንገዱ እኮ እየወረደ ነው።» እውነትም ቁልቁለት ላይ ነበርን።

ሬድዉድ የሚባለው ዛፍ ሲጀምር ግን ዝም አሉ። ከመካከላቸው ከ110 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አሉ። አንዱ ሥር አቆምኩላቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን የለውም?» አሉኝ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ አሮጌ ዛፍ የሚገኘው በደብር ቅጽር ውስጥ ነው፤ ጥያቄያቸው ገብቶኛል።

አርካታ በጭጋግ ተቀበለችን። ኦክላንድ ሳለን በካናቴራ ነበርን፣ እዚህ ጃኬት አስወጣን። «ጉና ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ። ራት የባቄላ ቡሪቶ በላን፤ አንዱ 13 ዶላር። ልጅቷ «ቬጋን ነው» ስትል ለአጎቴ «ጾም ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ፈረንጅ ሁሉ ፍልሰታን የሚጾም ይመስል ዙሪያቸውን በአክብሮት ተመለከቱ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14፦ ሱሜግ፣ ከዚያ ክላማዝ

ጠዋት ትሪኒዳድ የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ አልፈን ሱሜግ ወደሚባለው ፓርክ ገባን። የመኪና መግቢያ 8 ዶላር ነበር። ፓርኩ ለረጅም ዘመን የአንድ ሰፋሪ ስም ይዞ ቆይቶ በ2021 የዩሮክ ስሙ ተመለሰለት። ውስጡ በ1990 የተሠራ የዩሮክ መንደር አለ። ቤቶቹ ከሬድዉድ ሳንቃ የተሠሩ ናቸው፤ ወለላቸው ወደ ውስጥ ተቆፍሮ ዝቅ ይላል። በራቸው ክብ ቀዳዳ ነው። ጎንበስ ብለህ፣ እጅህን አስቀድመህ ነው የምትገባው።

አጎቴ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ሊገቡ ሲሉ መሐል ላይ ተያዙ። ከኋላ ልግፋቸው ወይስ ልጎትታቸው ብዬ ሳመነታ አንዲት የማናውቃት ሴትዮ ጋቢውን ፈታችላቸው። ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ደስ አላቸው። ጨለማና የእንጨት ሽታ ብቻ ነው።

ተማሪዋ በስልኬ ጥቂት ገጾች ልካልኝ ነበር። አልፍሬድ ክሮበር የሚባል የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ወደ እነዚህ ሰዎች ሲመላለስ ኖሮ፣ በ1925 ያየውን አሳተመ። እዚያው ጨለማ ውስጥ በስልኬ ብርሃን አነበብኩላቸው። ዩሮክ የበሩን ጎን ምሥራቅ ወይም ምዕራብ አይለውም፤ የላይ ወንዝ ጎንና የታች ወንዝ ጎን ነው የሚለው። የቃሎቹ ሥር እነዚህ ናቸው፦ ፔች ወንዙ ወደሚመጣበት፣ ፑል ወንዙ ወደሚሄድበት፣ ሂኮ ከወንዙ ማዶ፣ ዎን በራስህ በኩል ከወንዙ ርቀህ ወደ ዳገቱ፣ ዎህፔ ደግሞ ከባሕር ማዶ። እርስ በርስ እየተጣመሩም ይነገራሉ። አንድ ዩሮክ በእንግሊዝኛ «ምሥራቅ» ካለህ፣ በልቡ እሱ ባለበት ስፍራ ውሃው የሚመጣበትን እየተረጎመልህ ነው።

አጎቴ በጣታቸው ቆጠሩ። «ላይ። ታች። ማዶ። አፋፍ። ባሕር ማዶ። አለቀ? እኛም ያለን እሱ ነው።»

ዎህፔ የሚለው ሥር በተረታቸውም አለ። ዎህፔኩመው የሚሉት ዓለምን ያበጀ፣ ተንኮልም የማያጣው ፍጡር አላቸው። ስሙ ሲፈታ «ከባሕር ማዶ ያለው ሚስቱ የሞተችበት» ማለት ነው። አጎቴ ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ነው ያስታወስኩት። «እንደኔ በለኛ» ብለው ሳቁ፤ እኔም ገጹን ቶሎ አለፍኩ።

ቀጣዩ ነገር የበለጠ ያዛቸው። የዩሮክ ቤቶች ስም ነበራቸው፤ ብዙ ጊዜ ቤቱ ከተቀመጠበት ቦታ የተነሣ ስም ነው። ሰውም በቤቱ ስም ይጠራል። አጎቴ ጭናቸውን መቱ። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ መከፈሉን፣ ሊቃውንቱም የላይ ቤት ወይም የታች ቤት እየተባሉ መጠራታቸውን እዚያች ጨለማ ቤት ውስጥ ሃያ ደቂቃ አስረዱኝ። ሌሎች ጎብኚዎች በቀዳዳው ብቅ እያሉ ተመለሱ።

ከሰዓት ክላማዝ ደረስን። ወደ ከተማዋ የሚያስገባው ድልድይ ጫፉ ላይ ወርቅማ ቀለም የተቀቡ የድብ ሐውልቶች አሉት። የድሮውን ድልድይና የድሮዋን ከተማ በ1964 ታኅሣሥ የወንዙ ጎርፍ ወሰዳቸው። ያደርንበት ሆቴል ቁማር ቤትም አለው፤ ወደ ክፍላችን የሚወስደው መንገድ በማሽኖቹ መካከል ነው። አጎቴ አማትበው አለፉ። ሌሊቱ 150 ዶላር ሆነ፤ ገላ መታጠቢያው ግን ጥሩ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15፦ ወንዙ ላይ

የጎሳው ሰዎች ራሳቸው በሬድዉድ ታንኳ ወንዙን ያስጎበኛሉ። ለሁለታችን ከ200 ዶላር በላይ ከፈልኩ፤ ብሩን ለአጎቴ አልነገርኳቸውም። ታንኳው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ውስጡ ላይ ጎላ ጎላ ብለው የተቀረጹ ነገሮች አሉ። መሪያችን ወጣት ዩሮክ ነው፣ አንድ በአንድ አሳየን፦ ልቡ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱ። ለእነሱ ታንኳ ሕይወት አለው። አጎቴ የጣና ሰው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ትዝ ብሏቸው «የኛው እንኳ ኩላሊት የለውም» አሉ፤ ተረጎምኩለት፣ ልጁ ከት ብሎ ሳቀ።

ሰላምታቸውን አስተማረን። አይየኲ። ኲ የምትለውን ፊደል ስጽፍ ቆም አልኩ፤ ለካስ ለዚህ ድምፅ ፊደል አለን። ከዚያ የወንዙን አፍ ስም ነገረን። በእንግሊዝኛ ካርታ ሬክዋ ተብሎ የተጻፈው መንደር በእነሱ አፍ ረቈይ ነው፣ የወንዝ አፍ ማለት። አጎቴ ደገሙት፣ «ረቈይ»። ልጁ መቅዘፉን አቆመ። ይህቺን ቀ ጎብኚዎቹ ሁሉ እንደሚስቷት ነገረን። እሱ ራሱ ቋንቋውን የተማረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛው ፊደል «ቀ»ን ለመጻፍ «k» ላይ ነጠላ ጭረት ያስቀምጣል። እኛ ግን ከፊደል ገበታ ጀምሮ አለችን፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰም በዩሮክ አሉ። ወረቀት አውጥቼ በግዕዝ ፊደል ጻፍኩለት። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ቋንቋውን አፍ መፍቻው አድርጎ ያደገው የመጨረሻ ሰው አርቺ ቶምሰን ነበር። በ2013 በ93 ዓመቱ ነው የሞተው። ልጁ ይህን ሲነግረን ድምፁ አልተለወጠም። አሁን በአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንደሚሰጥ፣ የሽማግሌዎች ድምፅ በቴፕ እንዳለ፣ እሱም ለታናሽ እህቱ እንደሚያስተምር ነገረን።

ለራሳቸው የሚሰጡት ስምም አቅጣጫ ነው። ፖህሊክላ ይላሉ፣ የታች ወንዝ ሰዎች። ወደ ላይ ያሉት ፔቺክላ ናቸው። «ዩሮክ» የሚለው እንዲያውም የእነሱ ቃል አይደለም፤ ከጎረቤታቸው ከካሩክ ቋንቋ የመጣ ነው፣ እሱም ታች ወንዝ ማለት ነው። ካሩክ ደግሞ ላይ ወንዝ። ላይኞቹ ታችኞቹን «ታች» ብለው ጠሩና ቀረ። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ እያለን እኛ ምን እንላለን? አጎቴ ይህን ሲሰሙ ልጁን ትከሻውን መታ አደረጉት። «የወንዜ ልጅ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ በለው!» በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። ያልተሳካልኝ ይመስለኛል።

ወንዙን ሄህልኪክ ወሮይ ይሉታል፣ ከተራራው ጀርባ ከሩቅ የሚመጣ ውሃ እንደ ማለት ነው። ሳልሞን ዓሣ ነፑይ ነው፤ ሥሩ መብላት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው።

ወደ አፉ ስንቀርብ አንድ ነገር ሆነ። አጎቴ ውሃውን ትኩር ብለው አዩ። ቅጠል ተንሳፍፎ ወደ ኋላችን፣ ወደመጣንበት ይሄዳል። «ወንዙ ወደ ላይ እየሄደ ነው!» ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን እየገፋው ኖሯል። ታዲያ አሁን ላይ የቱ ነው ብለው አስጠየቁኝ፤ ያሸነፉ መስሏቸዋል። ልጁ በመቅዘፊያው ወደ ተራራው አመለከተ። ላይ ያው ላይ ነው አለ። ውሃው ዛሬ ምን እያደረገ ነው አይደለም ጥያቄው፣ ከየት ነው የሚመጣው ነው። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታ ሆቴል ገብተን እንኳ «ልክ ነው ልጁ» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ላይና ታች ከእነሱ ይለያል። የእኛ ዳገትና ቁልቁለት ነው። የእነሱ ሜዳም ላይ ይሠራል።

ከሰዓት ወደ ላይ ወንዝ ለመሄድ ተነሣን። ካርታው ላይ መንገድ 169 በክላማዝም አለ፣ ወደ ላይ ወይችፔክ በሚባለው መንደርም አለ። አንድ ቁጥር ነው፣ አንድ መንገድ ነው ብዬ ነዳሁ። ሦስት ማይል ተኩል ያህል ከሄድኩ በኋላ ክላማዝ ግሌን በምትባል ሰፈር መንገዱ አለቀ። በቃ፣ አለቀ። ሴትዮዋም ዝም አለች። ውሻ የሚያንሸራሽሩ አዛውንት ፈገግ ብለው ቀረቡ፤ እንደኔ ያለ ብዙ አይተዋል መሰለኝ። መንገዱ መሐሉ አልተሠራም፤ ሌላኛው ቁራጭ ከላይ ነው ያለው። በታንኳ ካልሆነ በቀር ዞሮ መሄድ ነው አሉኝ። ወንዙ ሳይቋረጥ የሚሄድበትን መንግሥት በመንገድ አልደረሰበትም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 16፦ ስኮርታ

ዛሬ የፍልሰታ ፍቺ ነው። አጎቴ ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው «በምን ልፈታ ነው?» አሉ። ሆቴሉ ቁርስ እንቁላልና ቋሊማ ነው፤ ቋሊማው የአሳማ ይሆናል ብለው ተዉት። እንቁላሉንም አብሮ ተጠብሷል ብለው ጠረጠሩት። በሻይና በአራት ቀን ሙልሙል ወጣን።

በደቡብ በኩል እስከ ኦሪክ ተመልሰን ቦልድ ሂልስ የሚባለውን የተራራ መንገድ ያዝን። መጀመሪያው ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ከዛፎቹ በላይ ስትወጣ ጭጋጉ ከታች ይቀራል፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ይዘረጋል። አጎቴ በሕይወታቸው ካሊፎርኒያን የወደዱት እዚያ ነው። «ይሄ አገር ነው» አሉ። በዚህ አካባቢ ዩሮኮች ከ2022 ጀምሮ ኮንዶር የተባለውን ትልቅ አሞራ መልሰው እየለቀቁ ነው። ሰማዩን ብናይም አልቀናንም።

ከዚያ አስፋልቱ አልቆ ፒስታ ሆነ። ኮረኮንቹ ላይ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፣ እምላለሁ። ጎማው ግን ፈነዳ። ስልክ የለም። ኔትወርክ የሚባል የለም። ስኮርታውን ሳወጣ ያቺ ቀጭን፣ የአሻንጉሊት የምትመስል ጎማ ናት። ክሪኩን አቆምኩ፣ አንደኛው ብሎን እምቢ አለ። ረግጬ፣ ዘልዬ፣ አልቅሼ እምቢ አለ። አጎቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሶ በጠበጡ።

አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ፒክአፕ መጣ። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ዩሮክ። ረጅም ቱቦ አምጥቶ ቁልፉ ላይ ሰካና ብሎኑን በአንድ ግፊት ፈታው። ከዚያ መንገዱን ነገረኝ። ድልድዩን ተሻገር፣ ወደ ላይ ወንዝ ታጠፍ፣ የአክስቴ ቤት ከመንገዱ በታች ነው፣ መኪናህን ከመጋዘኑ በታች ወንዝ በኩል አቁም፣ ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው። ግን ግራ ወይም ቀኝ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔ ከመጋዘኑ በተሳሳተው ጎን አቆምኩ። አጎቴ ከመኪናው ሳይወርዱ «ታች አለህ እኮ» ብለውኝ ነበር።

አክስቱ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እጃቸውን ይዘው አስገቡን። የቀረውን ሙልሙልና ለስጦታ የያዝነውን ቡና ሰጠናቸው። ሙልሙሉ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ቡና ውስጥ እየነከሩ በሉት። እኛን ሾርባ አቀረቡልን። ከባሉጥ ፍሬ የሚሠራ፣ ወፍራም፣ ጨው የሌለው። ፍሬው ይፈጫል፣ መራራ ነው፣ ዱቄቱ ላይ ውሃ ደጋግሞ እየፈሰሰ ምሬቱ ይወጣለታል። አጎቴ አንድ ማንኪያ ቀመሱና «ግብጦ!» አሉ። እሳቸው ባደጉበት አገር ግብጦ ወንዝ ውስጥ ቀናት ተነክሮ ነው ምሬቱ የሚለቀው። ጣዕሙ ግን አይገናኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደድኩትም። ጨረስኩት።

ቀጥሎ ሴትዮዋ ከጓዳ አንድ የብርጭቆ ማሰሮ አወጡ። ራሳቸው ያጨሱትና ያሸጉት ሳልሞን ነው። አንድ እሷ ብቻ ቀርታለች ሲሉ ሰማሁና ልከለክል ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ዓሣው ቀንሷል። በ2002 መስከረም ውሃው አንሶና ሞቆ፣ በታችኛው ወንዝ ከ30 ሺህ በላይ ሳልሞን ሞቶ ዳር ላይ ተከምሮ ነበር። ሽታውን አሁንም ያስታውሱታል። እኛ በሄድንበት ሰሞን ከላይ አራት ግድቦችን የማፍረሱ ሥራ ወደ ማለቁ ነበር። ባለ ፒክአፑ «ዓሣው መንገዱን ያውቃል» አለ፤ እሳቸው «መንገዱ ይከፈትለትና እናያለን» አሉ።

አጎቴ ተነሥተው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ሁሉም ሳይነገራቸው ቆሙ። ከዚያ በእጃቸው አንድ ቁራጭ ቆርሰው አፋቸው ከተቱ። ጭስ፣ ጨውና ጣፋጭ ነገር አብሮ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ጾም ፈታሁ» አሉ። ዎክህለው ብለው አመሰገኑ፤ ትናንት ከልጁ የተማሯትን ሳይረሱ።

አመሸን። በዚያች ጎማ በሌሊት አትነዳም ተባልኩ። አጎቴ ሶፋ ላይ፣ እኔ መኪና ውስጥ አደርን።

ዓርብ፣ ነሐሴ 17፦ ወይችፔክ

ጠዋት ባለ ፒክአፑ ዕቃ ሊያደርስ ወደ ታች ወንዝ ሲሄድ ጫነን። ይኸኛው የ169 ቁራጭ አብዛኛው ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ቅጠል የጎኑን መስታወት የሚጠርግ። ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አጎቴ ልማድ አላቸውና ተረጋግተው ተቀመጡ። እኔ ነኝ በሩን የያዝኩት። ቄኔክ የሚባለውን ስፍራ ስናልፍ ፍጥነቱን ቀነሰ። በጥንት አባቶች ትረካ የዓለም መሐል እዚያ ነው። ምልክት የለውም፣ ዛፍና ውሃ ነው። አጎቴ «እንዲህ ነው፣ መሐሉን የሚያውቅ ያውቀዋል» አሉ።

መንገዱ ዋውቴክ ላይ አለቀ። የረቡዕ ዕለት ያለቀብኝ መንገድ ሌላኛው ጫፍ ነው። ወርደን ቆምን። ወንዙ ብቻውን ቀጠለ።

ተመልሰን ወይችፔክ ድልድይ ላይ ስንደርስ እንዲያቆም ለመንኩት። እዚህ ትሪኒቲ የሚባለው ወንዝ ከክላማዝ ይገናኛል። አጎቴ ስልኬን ጠየቁኝ። ኮምፓሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ክላማዝ የሚመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። እዚያው ይታጠፍና የሚሄደው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ትሪኒቲ ከደቡብ ይመጣል፣ ግን ወደ ሰሜን እየወረደ። «እንግዲህ» አሉ አጎቴ፣ «ሴትዮዋ እዚህ ቆማ 'ወደ ሰሜን ሂድ' ብትለኝ ላይ ልሂድ ታች?» ሁለቱም ሰሜን ነው። ሰውዬው ስተረጉምለት እጁን ዘረጋና ጨበጣቸው።

አጎቴ በዚያው ሞቃቸው። ሰሜን የሚለው ቃል ራሱ መቼ ቆሞ ያውቃል አሉ። በጥንቱ ግዕዝ ሰሜን ማለት ደቡብ ነበር፤ ለአክሱም ሰው የሰሜን ተራራ በደቡቡ ነው የሚገኘው። የመንግሥቱ መናገሻ ወደ ሸዋ እየወረደ ሲመጣ ያው ተራራ ሰሜን ላይ ሆነ፣ ቃሉም ተገለበጠ። ተራራው ግን አልተንቀሳቀሰም። ይህን ሁሉ ድልድይ ላይ፣ እንጨት የጫነ ከባድ መኪና ከኋላችን እያጮኸ ነው ያስረዱት።

በስኮርታው እየተንፏቀቅን ሁፓን አልፈን ዊሎው ክሪክ ደረስን። ጎሚስታው ጎማውን አይቶ ምስማር አውጥቶ በ35 ዶላር ለጠፈው። ሌላ ጎማ ግዛ ቢለኝም ኪሴ አልፈቀደም። አጎቴ ዓርብ ስለሆነ ድንች ጥብስ በኬቻፕ በሉ። ሌሊቱን ነድተን ኦክላንድ ስንገባ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

አምስት ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 22፣ በመጨረሻዎቹ ግድቦች ላይ የቀረው መከላከያ ተጥሶ ወንዙ የጥንት ቦዩን እንደያዘ በዜና ሰማሁ። አጎቴ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ጥቅምት ላይ ሳልሞኑ ግድቦቹ ከነበሩበት አልፎ ኦሪገን ድረስ መውጣቱ ተነገረ፤ ከ1912 ወዲህ እዚያ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ነፋስ መውጫ ደወልኩላቸው። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ጋሼ፣ ዓሣው ላይ ደረሰ!»

«እሰይ! ሴትዮዋ ሰማች?»

«የቱ ሴትዮ?»

«ዓሣውን ያበላችን ነዋ! አንተ ደግሞ ያቺን የመኪናህን ታስባለህ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ጎማውንስ ቀየርከው?»

አልቀየርኩትም።